ከደባርቂ እስከ ደረስጌ
የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜና ትምህርቱ

በኢትዮጵያ ታሪክ ዘመነ መሳፍንት ተብሎ የሚጠራው ክፍል በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ተከፍቶ እስከ 1847 ዓ.ም. የቆየ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው። በእነዚህ ሰማንያ ስድስት ዓመታት በጎንደር ዙፋን ላይ የሚቀመጥ ንጉሠ ነገሥት አልታጣም፤ ነገር ግን አክሊሉ በንጉሡ ራስ ላይ ሳለ ሥልጣኑ በመሳፍንቱ እጅ ነበር። የየጁ ራሶች በደብረ ታቦር ተቀምጠው የፈለጉትን ያነግሡ፥ ያልፈለጉትንም ይሽሩ ነበር። በዘመኑ ፍጻሜ ላይ ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር፥ ደጃዝማች ውቤ በስሜንና በትግሬ፥ ደጃዝማች ጎሹና ልጃቸው ብሩ በጎጃም፥ በሸዋም የራሱ ነገሥታት፥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንደ ቆመ መንግሥት ሆነው ይኖሩ ነበር።

የዚህ ጦርነት ዕዳ የሚከፈለው በጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም። ወታደሩ ደመወዝ ስላልነበረው በባላገሩ ቤት እየተመራ ይቀለብ ነበር። ባላገሩ የዘራውን ሳያጭድ፥ ያጨደውንም ሳይበላ አንዱ ሠራዊት ሲሄድ ሌላው ይመጣበታል። ድል ያደረገውም ድል የሆነውም መሥፍን የሚቀለበው ከዚያው ከአንዱ ጎተራ ነበር። የዘመኑን ፍጻሜ ለመረዳት የሚሻ ሰው ይህን ነገር ሳይዘነጋ ጦርነቶቹን መከተል ይገባዋል።

በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለዱት ካሣ ኃይሉ በልጅነታቸው በገዳም ተምረው፥ በጎልማሳነታቸው በቆላው ሸፍተው ጦር ያደራጁ ሰው ናቸው። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ድረውላቸው ሊያለዝቧቸው ቢያስቡም፥ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ መናቃቸውን አልተዉም። ካሣም በ1839 ዓ.ም. በደምብያ ተዋግተው የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን ማረኩ፤ በእርሷም መለቀቅ የደጃዝማችነት ማዕርግና የቋራን ግዛት አገኙ።

ደጃዝማች ካሣ እስከዚህ ድረስ ያሸነፉት በጀግንነትና በፍጥነት ነበር። በ1840 ዓ.ም. ግን በምዕራብ ጠረፍ የግብፅን ጦር ሊወጉ ወርደው ደባርቂ በተባለው ስፍራ ክፉኛ ተሸነፉ። የግብፅ ወታደሮች ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፥ በምሽግ ውስጥ ሆነው፥ መድፍና ጠመንጃ ይዘው፥ በትእዛዝ የሚተኩሱ ነበሩ። ወደ ምሽጉ በድፍረት የሮጠው የካሣ ሠራዊት በአጭር ጊዜ ውስጥ ረገፈ። ካሣ ከዚህ ሽንፈት የተማሩት፥ ሥርዓት የሌለው ጀግንነት በመድፍ ፊት እንደማይቆም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራዊታቸውን በአዲስ ሥርዓት ለማሠልጠን መጣር ያዙ፤ የመድፍም ሐሳብ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከልባቸው አልወጣም።

ከዚህ በኋላ ካሣ ከራስ ዓሊ ጋር ታርቀው ጥቂት ዓመታት ቆዩ። በ1845 ዓ.ም. ግን ራስ ዓሊ ግዛታቸውን ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ሰጥተው እንዲወጓቸው አዘዙ። በኅዳር ወር በደምብያ፥ ጉር አምባ ላይ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ጎሹ ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። አንድ ቆለኛ ሽፍታ ይባሉ የነበሩት ሰው ከዚህ ቀን ወዲያ ለመንግሥቱ የሚያሰጉ ተቀናቃኝ ሆኑ።

በዚህ ጊዜ መሳፍንቱ በአንድነት ቢነሡ ኖሮ የካሣ ነገር ባበቃ ነበር። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አያምንም ነበር። ቀደም ሲል በ1834 ዓ.ም. ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ራስ ዓሊን ድል ካደረጉ በኋላ፥ ድሉን በማክበር ላይ ሳሉ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማርከዋቸው ነበር። በ1845 ዓ.ም. ሚያዝያ ዓሊና ውቤ ጦራቸውን አስተባብረው በካሣ ላይ ሲልኩ የጦሩ አዝማች የሆኑት እኚሁ ብሩ አሊጋዝ ናቸው፤ ሁለቱ ታላላቅ መሳፍንት ግን ራሳቸው አልመጡም። ጣቁሳ ላይ ብሩ አሊጋዝ ሞቱ፤ የተባበረው ጦርም ተሸነፈ።

ከሁለት ወር ያህል በኋላ፥ በሰኔ፥ ራስ ዓሊ ራሳቸው ፈረሰኞቻቸውን አሰልፈው በምሥራቅ ጎጃም፥ አይሻል ላይ ገጠሙ። የየጁ ገዦች ኃይል በፈረሰኛው ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር ውጊያው እጅግ ብርቱ ሆነ፤ በመጨረሻው ግን ራስ ዓሊ ሸሹ፥ ወደ ሥልጣናቸውም አልተመለሱም። ከዘመነ መሳፍንት ጦርነቶች ሁሉ ዋናው መለወጫ አይሻል ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው የየጁ ራሶች አገዛዝ በዚያ ቀን ፈርሷልና። በ1846 ዓ.ም. ብሩ ጎሹ ተማረኩ።

የቀሩት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጡ፥ ለንግሥ በዓላቸውም በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ታላቅ መሥፍን ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ አጠገብ ተሸንፈው ተማረኩ። ከጥቂት ቀን በኋላም ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፥ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፥ ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመትና በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሎንና ሸዋን አስገበሩ፤ የዐሥራ አንድ ዓመቱን የሸዋ አልጋ ወራሽ ምኒልክንም ማርከው ወሰዱ።

ንጉሠ ነገሥቱ የበሽታውን ሥር ያውቁት ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ፤ ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖር፥ ባላገሩም ከቀለብ እንዲያርፍ አሰቡ። ነገር ግን ለደመወዙ ገንዘብ፥ ለገንዘቡ ግብር፥ ለግብሩም ጸጥታ ያስፈልግ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ከፍለው ለግብር ከፋይ ገበሬ ለመስጠት በ1852 ዓ.ም. ሲነሡ የካህናቱን ልብ አጡ። በትግሬ፥ በጎጃም፥ በወሎም ሽፍትነት ተነሣ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ይበቅል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም ሁሉን በጦር ለመመለስ ስለ ፈለጉ፥ ሊያሳርፉት ያሰቡት ባላገር እንደ ቀድሞው የሠራዊት ቀለብ ሆነ፤ አገሩም ተቃጠለ፤ ጎንደር ራሷ ተመዘበረች። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ገደል እያስናዱ፥ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱት። የደባርቂ ትምህርት እስከዚያ ተራራ ድረስ ተከትሏቸው ወጣ፤ ቀድሞ የተከተላቸው ብዙ ሠራዊት ግን ከድቶ ጥቂቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ገደሉ።

ከጉር አምባ እስከ ደረስጌ የነበሩት አራት ጦርነቶች መሳፍንቱን ለማጥፋት ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያነሰ ጊዜ ወሰዱ። መሳፍንቱን የወለደውን አኗኗር ለመለወጥ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ የዐሥራ ሦስት ዓመት መንግሥት አልበቃም። ይህን ማለት የንጉሠ ነገሥቱን ክብር መቀነስ አይደለም፤ አንዲት ኢትዮጵያ የሚለውን ሐሳብ ከተኛበት የቀሰቀሱት እርሳቸው ናቸው፤ በኋላ የነገሡትም ዐፄ ዮሐንስና ዐፄ ምኒልክ የተከተሉት ይህንኑ ሐሳብ ነው። ሆኖም ተማሪው የጦርነቶቹን ስምና ዓመተ ምሕረት በቃሉ ሲያጠና፥ መምህሩ አንድ ጥያቄ ቢጨምርለት ይገባል፤ ይኸውም በጉር አምባም፥ በጣቁሳም፥ በአይሻልም፥ በደረስጌም ድል ከሆነ በኋላ በማግሥቱ ሠራዊቱ እራቱን የበላው ከማን ቤት ነው? የሚል ነው።