ለማይክሮፎኑ የሚከፍለው ማን ነው?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ያስረከቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከዚያ ቀደም ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ፕሬዚዳንቱ የሆኑ ሰው ናቸው። የስፖርት ጋዜጠኝነታችን ፋና ወጊ ፍቅሩ ኪዳኔም ከማይክሮፎኑ ተነስተው ዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ድረስ ዘልቀዋል። ሰው ጥቂት፣ ሥራው ብዙ በነበረበት በዚያ ዘመን አንዱ ሰው ሦስትና አራት ኃላፊነት ደርቦ መያዙ አያስገርምም። ደግሞም የተደበቀ ነገር አልነበረውም፤ ሬዲዮው የመንግሥት፣ ቡድኑም የመንግሥት መሆኑን አድማጩ ያውቅ ነበር።

በደርግ ዘመንም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ክለቦቹ የጦሩ፣ የመብራት ኃይል፣ የባንኮች ነበሩ፤ ዘጋቢውም የመንግሥት ደመወዝተኛ። ያ ትውልድ ድክመት ነበረበት፤ አለቃውን የሚጠይቅ የስፖርት ዘገባ እምብዛም አላወረሰንም። ቡድኑን እያሞገሱ ማጀብ ግን አውርሶናል፤ ዛሬም ከነልማዱ እዚያው ነን።

ልማዱ ምን እንደሚያስከፍል ያየነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበት ዓመት ነበር። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው አገሩ በደስታ ሲናጥ፣ በዚያው ዕለት ፊፋ ኢትዮጵያ ከቦትስዋና ጋር በተጫወተችበት ግጥሚያ የታገደ ተጫዋች አሰልፋለች በሚል ምርመራ መክፈቱን አሳወቀ። ሦስት ነጥብም ተቀነሰብን። የእገዳው መነሻ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበር፤ በአደባባይ፣ በካሜራ ፊት የተሰጠ። የመቁጠሩ ሥራ የፌዴሬሽኑ መሆኑን አልክድም። ከቡድኑ ጋር አብሮ የሚጓዝ፣ አብሮ የሚያድር፣ አንዳንዴም ወጪው በተዘገበው አካል የሚሸፈንለት ጋዜጠኛ ግን ካርድ ለመቁጠር ሳይሆን ለማበረታታት የተላከ ይመስለዋል።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሲከፈቱ ለውጥ የመጣ መስሎ ነበር። የመጣው ግን የአየር ሰዓት ግዢ ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ሰዓቱን ከጣቢያው ይገዛል፤ ወጪውን የሚመልሰው ራሱ ፈልጎ በሚያመጣው ስፖንሰር ነው። ማታ ክለቡን የሚተቸው ሰው ጠዋት የክለቡን ስፖንሰር ቢሮ ያንኳኳል። በመጀመሪያ ስፖንሰሩ ቢራ ነበር፤ የብሔራዊ ቡድኑ ቅጽል ስም ራሱ የቢራ ስም እስኪሆን ድረስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ የቢራው ወንበር ብዙ ጊዜ ባዶ አልቆየም፤ የስፖርት ውርርዱ ተቀመጠበት።

እዚህ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ ለአህጉሩ ታየ፤ ፋሲል ከነማም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ሊጉ ‹ቤትኪንግ› የሚለውን የውርርድ ድርጅት ስም ተሸከመ። የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነው መልቲቾይስ እ.ኤ.አ. በ2020 የቤትኪንግን 20 በመቶ ገዝቶ ነበር፤ በ2021 ድርሻውን ወደ 49 በመቶ አሳደገው። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ኩባንያ በጨዋታው ላይ ከሚያስወራርደው ድርጅት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድርሻ ነበረው ማለት ነው። ሽያጩ በይፋ የተነገረ ነው፤ ሕገ ወጥ ነበር አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ጨዋታውን ሲያይ ይህን የነገረው ማን ነበር? የውርርዱ ስም ዛሬ ከሊጉ ላይ ወርዷል፤ ጥያቄው ግን አብሮት አልወረደም።

ሌላው ዓለም ይህን መንገድ ከእኛ ቀድሞ ሄዶበታል። ጣሊያን ውስጥ ቤርሉስኮኒ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የኤሲ ሚላን ባለቤት ሆኖ ዓመታት ኖረ። የብሪታንያ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የመርዶክ ቢስካይቢ ማንችስተር ዩናይትድን እንዳይገዛ ከለከለ። እኛ ዘንድ አብዛኞቹ ክለቦች በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት ይኖራሉ፤ የክልሉ ጣቢያም ባለቤቱ ያው መንግሥት ነው። የተጫዋቾች ደመወዝ ከሕዝብ በጀት ምን ያህል እንደሚወስድ በዚያ ጣቢያ አጥብቆ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ማግኘት ይከብዳል። ክለብ የብሔር ስሜት በሚሸከምበት አገር ደግሞ ይህ ዝምታ ከገንዘብ ያልፋል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በኳስ ሰበብ ሕይወት ጠፍቷል። ለሁለቱም ቡድኖች ደጋፊ እኩል የሚታመን ድምፅ ያስፈልገን ነበር።

እምነት ከየት እንደሚመጣ ለማየት ወደ ሰንበቴ እንሂድ፤ ከተማዋ ከወልድያ በስተደቡብ፣ ወልድያንም በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ናት። በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ይገናኛል። በከብት ተራው ደላላው ከገዢም ከሻጭም ድርሻውን ሊወስድ ይችላል፤ ደላላ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል፣ ዋጋ ሲጠራም በዚያው ልክ ይደመጣል። ከገበያው ተመልሶ ሬዲዮ የሚከፍተው ወጣት ግን ‹ዛሬ ይህ ቡድን ያሸንፋል› የሚለው ድምፅ የተንታኝ ይሁን የውርርድ ቤት ደላላ የሚለይበት ምልክት የለውም። ኪሱ ያለችውን ያስይዛል።

ሕጉ መነሻ ሰጥቶናል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የቀረው ሕጉን ከነመንፈሱ መፈጸም ነው። እያንዳንዱ የስፖርት ፕሮግራም ሲጀምር ሰዓቱን ማን እንደገዛው፣ ለጉዞው ማን እንደከፈለ ይናገር። የውርርድ ድርጅት የሚከፍለው ሰው ውጤት አይተንብይ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ይህን በግልጽ መመሪያ ያስቀምጠው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም የምትወደው የስፖርት ፕሮግራም የስልክ መስመሩን ሲከፍት ስለ ዝውውር ከመጠየቅህ በፊት ለዛሬው ሰዓት ማን እንደከፈለ ጠይቅ።