ለቤተ መንግሥት የዘፈንነው ጎረቤት ላይ አረፈ

ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ወልድያ ከተማ በሜዳው መቐለ ከተማን የሚያስተናግድበት ቀን። ጨዋታው አልተካሄደም። ከኳሱ በፊት በከተማው ጎዳናዎች የተነሣው ጠብ ቢያንስ የአንድ ሰው ሕይወት ቀጠፈ፤ ሱቆች ተሰበሩ፣ መኪኖች ተጎዱ፣ የትግራይ ተወላጆች ቤትና ንብረት እየተለየ ተጠቃ። በዜና «የደጋፊዎች ግጭት» ተባለና ታለፈ። ከዚያ ወዲህ የመጣብን መከራ ብዙ ስለሆነ ያቺን እሑድ ረስተናታል። እኔ ግን ስለ ደጋፊነት በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

ነገሩን ከዘመኑ ነጥለን ማየት አንችልም። የሼህ መሐመድ አል-አሙዲ ስታዲየም የተመረቀው ጥር 2009 ላይ ነው። አገሩ በሙሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ አዋጁ ከመስከረም እስከ ሐምሌ አሥር ወር ቆይቷል። ሰልፍ የለም፣ ስብሰባ የለም፤ ካፌ ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማውራት እንኳ ያሳስብ ነበር። በዚህ መሐል ወደ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተከፈተና «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ጩኹ» ተባልን። ከቤተ እምነት ውጭ ሺህ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ የሚናገርበት ሌላ ቦታ አልነበረንም። ስለዚህ ኳሱ ሰበብ ሆነ። ዳኛውን የሰደብን መስለን መንግሥትን እንሰድብ ነበር። «ነበር» የምለው እኔም ስለነበርኩበት ነው።

ይህ እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም። በ532 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ውስጥ የሠረገላ ውድድር ደጋፊዎች «ሰማያዊ» እና «አረንጓዴ» ተብለው ለሁለት ተከፍለው ነበር። ንጉሡ ዮስጢንያኖስ ራሱ የሰማያዊዎቹ ወዳጅ ነው። ሕዝቡ ንጉሡን ፊት ለፊት አይቶ የሚጮህበት ቦታ የውድድሩ ሜዳ ነበር። ከቀደመ ረብሻ በኋላ ሞት ከተፈረደባቸው መካከል ሁለቱ፣ አንዱ ከሰማያዊ ሌላው ከአረንጓዴ፣ መስቀያው ተሰብሮ ተርፈው ቤተ ክርስቲያን ተጠለሉ። ደጋፊዎቹ በውድድሩ ቀን ምሕረት ለመኑላቸው፤ ንጉሡ ዝም አለ። ዘወትር የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች ያን ቀን አንድ ሆነው «ኒካ!» እያሉ ወጡ፤ «ድል አድርግ» ማለት ነው። የተቃጠለው ግን ቤተ መንግሥቱ ብቻ አይደለም። የከተማው ሰፊ ክፍል፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር፣ አብሮ ነደደ። በመጨረሻ ወታደር ሜዳው ውስጥ ገብቶ ፈጃቸው፤ የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ የሟቾቹን ቁጥር ከሠላሳ ሺህ በላይ ያደርሰዋል። (ይኸው ጸሐፊ ነው ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱሙ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ መላኩን የጻፈልን። ዘመኑ ከእኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም።)

ልመናው ትክክል ነበር፤ ምሕረት መለመን ምን ኃጢአት አለው? እሳቱ ግን የለማኙንም የጎረቤቱንም ቤት በላ።

ወደ ወልድያ ልመለስ። የእኛም ቁጣ ከሜዳ አልተፈጠረም። ከዚያች እሑድ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ በዓል ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ቢያንስ ሰባት ሰዎች ገደሉ። «ደጋፊው ያለ ምክንያት ነው የጮኸው» የሚለኝ ሰው ካለ ይህን ቀን ያስታውስ። ነገር ግን ኅዳር 24 የተሰበረው ሱቅ የሚኒስትር ሱቅ አልነበረም። ተኳሹም ደኅንነቱም እዚያ ስኳር አይቸረችሩም። እኛ ለቤተ መንግሥት የላክነው ስድብ አዲስ አበባ ሳይደርስ እዚሁ መንገድ ላይ፣ አክሰንቱ ለየት ባለ ሰው በር ላይ ወደቀ።

«እኔ ዘፈንኩ እንጂ ድንጋይ አልወረወርኩም» የሚለው መልስ ለብዙ ጊዜ አሳርፎኝ ነበር። አሁን አያሳርፈኝም። ድንጋይ የወረወረው ልጅ ማን ላይ እንደሚወረውር የተማረው ከየት ነው? ከኛ ዘፈን ውስጥ «እነሱ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ነው። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ግጥሙ አይናገርም፤ እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይሞላዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወልድያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫውን ሲያነሳ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ ወጣ። በ2013 ደግሞ ፋሲል ሻምፒዮን ሆነ፤ የትግራይ ሦስቱ ክለቦች ግን በጦርነቱ ምክንያት በውድድሩ አልነበሩም። ዋንጫው የፋሲል ነው፤ ተጫዋቾቹ በላባቸው አግኝተውታል፤ ማንም አይነጥቃቸውም። የሚያሳስበኝ የደጋፊው ደስታ ነው። ስንጨፍር ስንቶቻችን የጎደሉትን ቆጠርን? እኔ አልቆጠርኩም። በነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ ደግሞ የኳስ ወሬ ራሱ ቀረ።

አንዳንድ ጓደኞቼ መፍትሔ አግኝተናል ይላሉ፤ የአገር ውስጡን ትተው እንግሊዝ ገብተዋል። መርሳ ላይ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡና እዩ። የአርሰናልና የማንችስተር ደጋፊ ለሁለት ሰዓት ሲሞላለጭ ቆይቶ በአንድ ባጃጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አርሰናል የማንም አያት ስም አይደለምና ለሱ ሲባል ሱቅ አይሰበርም። ይህን አላቃልልም፤ እኔም እዚያው ቤት እገኛለሁ። ግን ንጹሕ ቦታ ነው ብላችሁ አታሳምኑኝ። የአርሰናል ማልያ እጅጌ ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሩዋንዳ ማስታወቂያ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ የኮንጎ መንግሥት፣ ምሥራቁ በጦርነት ሲታመስ፣ ክለቡ ውሉን እንዲያቋርጥ በደብዳቤ ጠይቋል። የኮንጎው ሰው እዚያ ማልያ ላይ የሚያየውን እኛ መርሳ ላይ ሆነን አናየውም። ርቀቱ ነው ያስተኛን።

የትግራይ ክለቦች በ2017 ወደ ሊጉ ተመልሰዋል። ወልድያና መቐለም አንድ ቀን እንደገና ይገናኙ ይሆናል።

በ2009 የዘፈንኩትን ግጥም እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። እዚህ ልጽፈው ሁለት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። አንድ ቀን ስንዘፍነው የሰፈራችን ሰው የሆነ፣ ትግርኛ የሚናገር አባወራ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ልጁ የወልድያን ማልያ ለብሷል። ግብ ሲገባ አባትየው ትከሻዬን ይዞ ዘሎ ነበር። ዘፈኑ ሲጀመር ግን ዞሬ አላየሁትም።