ቢስክሌትና አውራ ጎዳና፤ መብት ወደ ፈቃድ እንዴት እንደ ተለወጠ

ቢስክሌት በአውራ ጎዳና ላይ እንዲሄድ በሕግ ተፈቅዶለታልን? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ቈጥሮ፥ «በአንዳንዱ መንገድ ይፈቀዳል፥ በአንዳንዱ ይከለከላል» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ታሪክ ለሚማር ሰው ግን አያጠግብም። ምክንያቱም በእንግሊዝና በአሜሪካ የቢስክሌት ነጂዎች ከ130 ዓመት በፊት በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ተከራክረው አውራ ጎዳናን መብታቸው አድርገውት ነበር፤ ይህም መብት እስከ ዛሬ አልተሻረም። ታዲያ መብቱ ሳይሻር ቢስክሌቱ ከታላላቆቹ መንገዶች እንዴት ወጣ? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ሕግ አውራ ጎዳና ማለት ሰፊ ወይም ፈጣን መንገድ ማለት አይደለም። ሕዝብ ሁሉ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚያልፍበት መንገድ፥ ጠባብ የገጠር መንገድም ቢሆን፥ አውራ ጎዳና ይባላል። አሜሪካኖች ፍሪዌይ፥ እንግሊዞች ሞተርዌይ የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መግቢያውና መውጫው የተወሰነ፥ መስቀለኛ መንገድ የማያቋርጠው፥ በዳሩ የሚኖር ሰው ከደጁ በቀጥታ የማይገባበት መንገድ ነው። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው የክፍያ መንገድ የዚህ ዐይነት ነው። እኛ በአማርኛ ሁለቱንም አውራ ጎዳና እያልን ስለምንጠራቸው ነገሩ ይደባለቅብናል።

የክርክሩ መጀመሪያ የሚያኰራ አልነበረም። ቴይለር የተባለ ሰው በለንደን ሰሜን በኩል ሙዝዌል ሂል በሚባለው ስፍራ ቢስክሌቱን ለሰው በሚያሰጋ ፍጥነት ነድቷል ተብሎ ተከሰሰ። የተጠቀሰበት የ1835 የአውራ ጎዳና ሕግ ሲሆን፥ ይህ ሕግ የሚቀጣው «ሠረገላ» በብርቱ ፍጥነት የሚነዳውን ሰው ነበር። ሕጉ በተጻፈበት ዘመን ፔዳል ያለው ቢስክሌት ገና አልታወቀም ነበርና፥ ነገሩ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ቢስክሌት ሠረገላ ነውን? በ1879 ዳኞቹ ሜለርና ለሽ፥ አዎን ሠረገላ ነው፥ በእግሩ የሚያንቀሳቅሰውም ሰው ነጂ ነው ብለው ፈረዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ሠረገላ ሲባል ወደ አሳባችን የሚመጣው ኤልያስን ወደ ሰማይ የወሰደው ወይም የፈርዖን ሠራዊት በባሕር የሰጠመበት ነበርና፥ ይህን ፍርድ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ እንደ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ ግን አይደለም። ቴይለር ተረታ፤ ነገር ግን በእርሱ መረታት የቢስክሌት ነጂዎች ሁሉ ተጠቀሙ። ሠረገላ በመሆኑ የሚቀጣ ከሆነ፥ ሠረገላ በመሆኑ ደግሞ በመንገዱ የመሄድ መብት ሊነፈገው አይችልምና።

በሚቀጥለው ዓመት በ1880 የዊሊያምስና የኤሊስ ክርክር ተሰማ። በዚህኛው የተጠየቀው ቢስክሌት በኬላ ላይ እንደ ሠረገላ ቀረጥ ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚል ነበር፤ ዳኞቹም ለቀረጡ ጉዳይ ሠረገላ አይደለም አሉ። እንግዲህ ቢስክሌት ለቅጣት ሠረገላ ሆኖ ለቀረጥ ሠረገላ ሳይሆን ቀረ ማለት ነው፤ ባለ ቢስክሌቱ በዚህ ያዘነ አይመስለኝም። በመጨረሻ በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በ85ኛው አንቀጽ ቢስክሌት በአውራ ጎዳና ሕጎች ዘንድ ሠረገላ መሆኑን በግልጽ ደነገገ። ከዚሁ ጋር በሌሊት መብራት እንዲይዝና ሰውን ወይም ጋሪን ቀድሞ ሲያልፍ ድምፅ እንዲያሰማ አዘዘ። መብቱና ግዴታው በአንድ አንቀጽ መጣ።

በአሜሪካ ጠቡ የከረረ ነበር። የኒው ዮርክ የመናፈሻ ሹሞች በ1880 ቢስክሌት ወደ ሴንትራል ፓርክ እንዳይገባ ከለከሉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቢስክሌተኞች ማኅበር በኒውፖርት ተቋቁሞ ነበርና፥ በ1881 ሦስት ሰዎች ሆን ብለው ክልከላውን ጥሰው ገቡና ተያዙ። ለክርክሩ ገንዘብ ያወጣው የቢስክሌት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው አልበርት ፖፕ ነው፤ ለእርሱ መብትና ገበያ አንድ ነገር ነበሩ ማለት ይቻላል። በፍርድ ቤቱ ተረቱ። ከዚህ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሕግ አውጪዎች መለሱና በ1887 የኒው ዮርክ ምክር ቤት፥ ቢስክሌት የሚነዳ ሰው በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ ከሚነዳው ጋር እኩል መብትና እኩል ግዴታ አለው የሚል ሕግ አወጣ።

በዚያው በ1887 ግን በኖርዝ ካሮላይና የተሰጠ አንድ ፍርድ አለ፤ ብዙም አይጠቀስም፥ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቍልፍ መስሎ ይታየኛል። በዊልሚንግተን አንድ የቀረጥ መንገድ ነበረ። የግዛቱ ምክር ቤት፥ ማንም ሰው የመንገዱን ተቈጣጣሪ ሳያስፈቅድ በዚህ መንገድ ላይ ቢስክሌት ቢነዳ እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር፤ ምክንያቱም ፈረሶች ይደነብራሉ የሚል ነው። ዮፕ የተባለ ሰው ተከሶ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ሕጉ ትክክል ነው አለ። ልብ እንበል፤ በዚህ ስፍራ የተጠየቀው ቢስክሌቱ ምንድር ነው የሚል አይደለም። የተጠየቀው መንገዱ የምን ዐይነት መንገድ ነው የሚል ነው። በአንድ ተለይቶ በተጠቀሰ መንገድ ላይ መብት ተነሥቶ በስፍራው ፈቃድ ተተካ።

የሃያኛው መቶ ዓመት የሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በአንድ መንገድ ፈንታ በሺሕ ኪሎ ሜትር መሥራቱ ነው። ፒዬሮ ፑሪቼሊ የተባለው መሐንዲስ ከሚላኖ ወደ ሐይቆቹ አገር ያሠራው መንገድ በ1924 ሲከፈት ለሞተር ተሽከርካሪ ብቻ የተለየና ቀረጥ የሚከፈልበት ነበር። በ1932 ኮንራድ አደናወር የኮሎኝ ከንቲባ ሳሉ ከኮሎኝ እስከ ቦን ያለውን መንገድ በዚሁ ደንብ ከፈቱት። እንግሊዝ ዘግይታ በ1949 «የልዩ መንገዶች ሕግ» የሚባለውን አወጣች፤ በዚህም ሕግ መሠረት የመጀመሪያው ሞተርዌይ በፕሬስተን አጠገብ በታኅሣሥ 1958 ተከፈተ። የሕጉ ስም ራሱ ይናገራል። የ1888ቱን አንቀጽ መሻር ሳያስፈልግ፥ ቢስክሌት በአውራ ጎዳና ሠረገላ እንደ ሆነ ቀረ፤ አዲሱ መንገድ ግን «ልዩ» ነውና መብቱ አይደርስበትም። በ1968 የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም በ25ኛው አንቀጽ እግረኛን፥ እንስሳንና ቢስክሌትን ከሞተርዌይ ይከለክላል።

የእንግሊዝ ቢስክሌተኞች ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው ሠግተው ነበር። በ1934 ሚኒስትሩ ሆር ቤሊሻ በለንደን በዌስተርን አቨኑ ዳር ለቢስክሌት የተለየ መንገድ ሲከፍቱ፥ ከ1878 ጀምሮ የነበረው የቢስክሌት ተጓዦች ክበብ ስጦታውን በምስጋና አልተቀበለም። ዛሬ ዳር ላይ መንገድ ይሰጡናል፥ ነገ መካከሉን ይከለክሉናል ብለው ፈሩ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ግትርነት ይሉታል። እኔ ግን ግማሹ ግትርነት፥ ግማሹ ማስተዋል ነበር እላለሁ።

በሌላ ወገን ያለውን ክርክር መሸሸግ አይገባም። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር በሚበሩ መኪናዎች መካከል በ20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ያጋልጣል። ክልከላውን የክፋት ሥራ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። የሚያከራክረው፥ አዲሱ መንገድ ሲሠራ የድሮው መንገድ ከአጠገቡ ይቀራል ወይስ አይቀርም የሚለው ነው። ከቀረ ቢስክሌተኛው ብዙ አልተጐዳም። ካልቀረስ? መኪና የሌለው ሰው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድበት መብት በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል።

ይህ ጥያቄ እንደ ካሊፎርኒያ የተፈተነበት ስፍራ ጥቂት ነው። ሆራስ ዶቢንስ የተባለ ሰው ከፓሳዴና እስከ ሎስ አንጀለስ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ የቢስክሌት መንገድ ለመሥራት አስቦ፥ በጥር 1 ቀን 1900 የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተ። መግቢያው ኬላ ነበረው፤ ለአንድ ጕዞ 10 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር፤ ሌሊትም በኤሌክትሪክ ይበራ ነበር። ከታሰበው 9 ማይል የተሠራው ግን አንድ ማይል ከሩብ ብቻ ነው። የቢስክሌት ፍቅር በረደ፥ መኪና መጣ፥ እንጨቱም ፈረሰ። መንገዱ እንዲያልፍበት ታስቦ በነበረው በአሮዮ ሴኮ ሸለቆ በታኅሣሥ 30 ቀን 1940 የአሮዮ ሴኮ ፓርክዌይ ተከፈተ፤ ዛሬ ቢስክሌት አይገባበትም። በ2003 አንድ እሑድ ጧት፥ ደግሞም በ2023 አንድ እሑድ መኪናው ተከልክሎ ሕዝቡ በእግርና በቢስክሌት ሄደበት። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ባለ መብት የነበረው እንግዳ ሆኖ ሲጋበዝ ማየት የሚያስደንቅ ነው።

ፍሪዌይ የሚለውን ቃል በ1930 ያወጣው ኤድዋርድ ባሴት የተባለ ሕግ ዐዋቂ ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን «ለሁሉ ነጻ የሆነ መንገድ» ብለን እንረዳዋለን። ባሴት ያለው ግን በዳሩ ያለው ባለ ርስት ወደ መንገዱ የመግባት መብት የሌለው መንገድ ነው። ነጻ የተባለው መንገዱ ነው እንጂ መንገደኛው አይደለም።

ሆኖም የአሜሪካ ሕግ በአንድ ነገር ከቪየናው ስምምነት ይለያል። የኢንተርስቴት መንገዶችን ያሠራው የ1956 የፌዴራል ሕግ የቢስክሌትን ነገር ለየግዛቱ ተወው። በካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ በአንቀጽ 21200 ቢስክሌተኛ የመኪና ነጂን መብትና ግዴታ ይዞ ይገኛል፤ በአንቀጽ 21960 ደግሞ ባለ ሥልጣኖች ከፍሪዌይ ሊከለክሉት ይችላሉ። ይችላሉ እንጂ ይገባቸዋል አይልም። ስለዚህ ከ4,000 ማይል በላይ ከሚሆነው የግዛቱ ፍሪዌይ 1,000 ማይል ያህሉ፥ በተለይ ሌላ መንገድ በማይገኝበት በገጠሩ በኩል፥ ለቢስክሌት ክፍት ነው።

ከሳን ዲዬጎ በስተሰሜን በባሕሩ ዳር የካምፕ ፔንድልተን የጦር ሰፈር አለ። የድሮው የባሕር ዳር መንገድ በሰፈሩ ክልል ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ሲቪል ሰው የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ከፍሪዌዩ በቀር የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ስፍራ ከላስ ፑልጋስ መውጫ እስከ ኦሽንሳይድ ድረስ ቢስክሌተኛው በኢንተርስቴት 5 ዳር፥ በከባድ መኪናዎች አጠገብ እንዲሄድ ሕጉ ፈቅዶለታል። ኦሽንሳይድ ሲደርስ «ቢስክሌቶች ይውጡ» የሚል ሰሌዳ ይቈየዋል፤ ከዚያ ወዲያ የከተማው መንገድ አለና።