በሐሰተኛ ደዌ የተሰበሰበ ገንዘብ

በኢትዮጵያ ደዌና ምጽዋት ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እያንጎራጎሩ የሚለምኑት ላሊበሎች፣ ልማዱን ቢተዉ ቁምጥና ይይዛቸዋል የሚል እምነት እንዳለ ይነገራል። እነርሱ ግን ሳይታመሙ ታመምን አይሉም፤ ሰጪውም የሚሰጠው ምርቃታቸውን ሽቶ ነው። ለንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚጎራበተው አካባቢ፣ ዛሬ አለርት በሚባለው በቀድሞው የዘነበወርቅ ሆስፒታል ዙሪያ የሰፈሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ደግሞ ደዌያቸው እውነት ነበር። ሐሰተኛው ሕሙም ከሁለቱም ይለያል፤ የሚሸጠው የሌሎችን መከራ ነውና።

ፈረንሳዊው ቀዳጅ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ እ.ኤ.አ. በ1573 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ተንኮል በሰፊው መዝግቧል። ወንድሙ ዣን ፓሬ፣ እርሱም ሐኪም፣ ቪትሬ በተባለች ከተማ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጣ ጡቷ በነቀርሳ እንደ ተበላ የምታሳይ ለማኝ ያያል። ጨርቋ በፈሳሽ የራሰ ነው፤ ፊቷ ግን የቀላ፣ ሰውነቷም የወፈረ ነበር። ይህ አልገጥም ቢለው መረመራት። በብብቷ ሥር የእንስሳት ደምና ወተት የጠጣ ሰፍነግ፣ ከዚያም ወደ “ቁስሉ” የሚያደርስ ቀጭን የእንጨት ቧንቧ ተገኘ። ቁስል የመሰለውም በእንቁላል ውኃና በዱቄት የተለጠፈ የእንቁራሪት ቆዳ ነበር። በሞቀ ውኃ ሲታጠብ ጡቷ ደኅና ሆኖ ወጣ። እንዲህ ያለ ድካም በቅን ሥራ ላይ ቢውል ምንኛ በጠቀመ!

በእኛ ዘመን መድረኩ ወደ ስልክ ተዛውሯል። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ነቀርሳን በአመጋገብ እየተቋቋምኩ ነኝ በማለት ታዋቂ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የስልክ መተግበሪያ፣ በ2014 የምግብ መጽሐፍ አወጣች። አሳታሚው ማስረጃ አልጠየቃትም። በ2015 ለበጎ አድራጎት ተሰጠ ያለችው ገንዘብ አለመድረሱን ጋዜጠኞች ሲያጋልጡ የሕመሟም ነገር ተጠየቀ፤ ነቀርሳ እንዳልነበረባትም አመነች። በ2017 ፍርድ ቤት 410 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። የቪትሬዋ ለማኝ የወሰደችው ሳንቲም ብቻ ነበር። የጊብሰን ትረካ ግን በእውነት ነቀርሳ የያዘውን ሰው ከሐኪሙ ሊያርቀው የሚችል በመሆኑ ጉዳቱ ከኪስ ያልፋል።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች፣ በጎፋና በመካኒሳም ጭምር፣ የሕሙም ፎቶግራፍ በመኪና ላይ ተለጥፎ በድምፅ ማጉያ የሕክምና እርዳታ ሲጠየቅ ይሰማል። የኩላሊት እጥበት በየሳምንቱ ለሚያስፈልገው፣ ወጪውም ከቤተሰቡ አቅም በላይ ለሆነበት ሰው ይህ የመጨረሻው በር ነው። አላፊ አግዳሚው ግን የሆስፒታሉን ማኅተም ከተቀዳው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የወረቀቱን እውነተኛነት ሊናገር የሚችለው የፈረመው ሐኪም ወይም ሆስፒታሉ ሲሆን፣ ለዚህም የሕሙሙ ፈቃድ ያስፈልጋል።