ከአጃ ቅርፊት እስከ ማዘዣ ወረቀት

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ላለባት ታካሚ ናይትሮፉራንቶይን ስንጽፍ መነሻውን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? ታሪኩ የሚጀምረው ከወፍጮ ቤት ነው ብል አጋነነች አትበሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1821 ጀርመናዊው ኬሚስት ዶበራይነር ፎርሚክ አሲድ ሲሠራ ጥቂት ዘይት መሰል ፈሳሽ አገኘ። በ1840 ስቴንሃውስ የተባለ ስኮትላንዳዊ እንደ አጃና ሰጋቱራ ያሉ ነገሮችን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲያነጥር ያው ፈሳሽ ወጣለት። ፉርፉራል የተባለውም በላቲን ፍሩሽካ ማለት ከሆነው ቃል ነው።

ከላቦራቶሪ ያወጣው የተከመረ ቆሻሻ ነው። በአሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ኩዌከር ኦትስ የቁርስ አጃ ሲያዘጋጅ ቅርፊቱ ተራራ አከለበት። በ1922 በአሲድና በእንፋሎት እየቀቀለ ፉርፉራል በብዛት ማምረት ጀመረ። አሲዱ በቅርፊቱ ውስጥ ያለውን ዛይሎዝ የተባለ ስኳር ፈትቶ ሦስት የውኃ ሞለኪውል ያስለቅቀዋል፤ የቀረው ፉርፉራል ነው። ከዚህ ፈሳሽ የናይለን ጥሬ ዕቃ ተሠራ፤ በ1940ዎቹ የቁስል ቅባቱ ናይትሮፉራዞን፣ በ1953 ደግሞ ናይትሮፉራንቶይን መጣ።

በኋላ ግን የናይለኑ ሥራ ወደ ርካሹ ነዳጅ ዘይት ዞረ። አሮጌው ዘዴም እንከን ነበረበት። ፉርፉራሉ እዚያው አሲድ ውስጥ ሲቆይ ወደ ጥቁር ዝቃጭ ስለሚለወጥ የሚገኘው ምርት ሊገኝ ከሚችለው ግማሽ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ያገለገለው አሲድ የት ይደፋ?

የዛሬ ተመራማሪዎች መልሳቸው ቀላል ነው፤ እንደተሠራ ቶሎ አውጣው። ከውኃው ጋር የማይቀላቀል ሁለተኛ ፈሳሽ ይጨምሩና ፉርፉራሉ ሳይበላሽ ወደዚያ ይሸሻል። በፈሳሹ አሲድ ፋንታ ተጣርቶ ደግሞ የሚያገለግል ጠጣር አሲድም ይሞክራሉ። ጋማ ቫሌሮላክቶን የሚባለው ማሟሚያ ደግሞ ራሱ ከዕፅዋት ይሠራል።

እኛስ? የቡና ገለፈት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ሞልቶናል፤ ዛይሎዝ ሁሉም ውስጥ አለ። ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ቆሻሻ ግን ወንዝ ሲበክል እናያለን፤ ከታች ያንኑ ውኃ የሚጠጣው ደግሞ እኛው ጋ ታሞ ይመጣል። ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የኬሚስትሪና የሕብረተሰብ ጤና ተማሪዎች በአንድ ገለፈት ላይ የጋራ የመመረቂያ ጥናት ቢሠሩስ? እኛ የቀድሞ ተመራቂዎች ቢያንስ የላቦራቶሪ ዕቃውን ወጪ ልንጋራ እንችላለን።