የመንገደኛ ስንቅ በመተከል

የመተከል ዞን መቀመጫ ግልገል በለስ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከሚፈሰው ወንዝ ነው። በዚህ ቆላ ለክፉ ቀን የሚሆነውን ይዞ መጓዝ የቆየ ልማድ ነው። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን ትከሻ ላይ በሚያርፍ እንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ክብደቱ በሁለቱም ወገን ስለሚመዛዘን ጀርባቸው ልጅ ለማዘል ነፃ ይሆናል፤ በእርግጥም የረቀቀ ብልሃት ነው።

ከደጋ የሚወርደው መንገደኛ ስንቁን የሚይዘው በአቅማዳ ወይም በስልቻ ነበር። ከሁሉ የሚመረጠው በሶ ነው። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ ስለሚፈጭ በውኃ ብቻ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ተጨብጦ ይበላል። እሳት ማንደድ በማይቻልበት ሥፍራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳቦ ቆሎና ቋንጣም ሳይበላሹ ይሰነብታሉ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊትም በአብዛኛው የራሱን ስንቅ ይዞ የተነሣ ነበር።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በርካታ ሰዎችን በመተከል በሚገኘው ፓዊ አሠፈረ። ለደጋው ሰው እንግዳ የነበረው ወባ ብዙዎችን ጎዳ። የደጋ ስንቅ ረኃብን ቢያስታግሥም ለትንኝ መከላከያ አልነበረውም፤ ስለዚህ በዚህ ቆላ አጎበርና የወባ መድኃኒት ከምግብ እኩል አስፈላጊ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ግጭት ከመተከል ሸሽተው ቻግኒ ለደረሱት ተፈናቃዮችም ምግብ፣ መጠለያና ሕክምና በአንድ ጊዜ ያስፈልጉ ነበር።