ሻንጣና ደብተር፦ በካኩማ ልጆች እንዴት ተማሩ?

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ያስወጡበትን ምክንያት ሲነግሩን ቆይተው፣ «እናንተስ ቲቸር፣ እዚሁ አይደል ያደጋችሁት? እንዴት ተማራችሁ?» አሉን። ሰዓቱ ስላልበቃን እዚህ እንጽፈዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1991 ደርግ ሲወድቅ ሁለት ዓይነት ስደተኛ ባንድ ጊዜ መንገድ ወጣ። ኢታንግና ፒኝዶ ሰፍረው የነበሩ የደቡብ ሱዳን ሰዎች፣ ከነሱም ውስጥ ያለ ወላጅ የሚጓዙ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች፣ የጊሎን ወንዝ ተሻግረው ተመለሱ፤ በ1992 ደግሞ በሎኪቾጊዮ በኩል ኬንያ ገቡ። ካኩማ የተቆረቆረው ያኔ ነው። የኛ ቤተሰቦች በደቡብ በኩል ወጥተው ዋልዳ ሰፈሩ። ዋልዳ በ1993 ሲዘጋ በመኪና ተጭነን ወደዚህ መጣን። የሚገርመው ነገር፣ እኛ ከሸሸንበት አገር እነሱ ተጠልለው ኖረዋል። ትምህርት ስንጀምር ከነሱ ትልልቆቹ ትንሽ ትንሽ አማርኛ ይሞክሩ ነበር።

ትምህርቱ የኬንያ ሥርዓት ሆነ፤ ማለትም እንግሊዝኛና ስዋሂሊ። ይሄ ለኛ ለትንንሾቹ ብዙም አልከበደም። የተቸገሩት ታላላቆቻችን ናቸው። በደርግ ጊዜ እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚማሩት በአማርኛ ነበር፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከሰባተኛ ጀምሮ ነው። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ እዚህ ሲመጣ ከሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ጢም ያበቀለ ልጅ ከኛ ጋር ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሲል እናስታውሳለን። አንዳንዱ አፍሮ ቀረ፣ ሻይ ቤት ገባ።

ማታ ማታ ደግሞ አባቶች በኩራዝ ፊደል ያስቆጥሩን ነበር፣ በዘይት ካርቶን ላይ በከሰል ተጽፎ። በስዋሂሊ ስንመልስላቸው ይቆጣሉ፤ ጠዋት ግን ቢሮ ይዘውን የሚሄዱት በዚያው ስዋሂሊ እንድናስተረጉምላቸው ነው! ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን አባት እንዴት እንደሚያንስ ያየ ያውቀዋል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ እነዚያ ያለ ወላጅ የመጡት ልጆች በብዛት አሜሪካ ሄዱ። ክፍላችን ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም «ተራችን ደርሷል» ማለት ጀመረ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ጉዞው ለወራት ቆመ፤ ሰዉ ግን ሻንጣውን አልፈታም። «ፕሮሰስ ላይ ነን፣ እዛ ይማራል» እየተባለ ስንት ልጅ ቤት ዋለ! እኛም ብንሆን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምረን፣ ጉዞ ደረሰ ሲባል አቋረጥን። ጉዞው ቀረ፤ ትምህርቱም አብሮ ቀረ። በጥር 2025 የአሜሪካ ቅበላ እንደገና ሲታገድ፣ አልጋቸውን ሳይቀር የሸጡ ጎረቤቶች ነበሩን።

ለልጅ ግን መጠበቅ ሌላ ዋጋ አለው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። ከሰባተኛ ወጥቶ «ተመልሼ እፈተናለሁ» ያለ ልጅ ዛሬ ቢመለስ ያ ፈተና የለም፣ መጽሐፉም ተቀይሯል።

ይህን ለእኚያ እናት በአጭሩ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ልጃቸው በሳምንቱ ደብተር ይዞ መጣ፣ ሻንጣው ግን አሁንም ከአልጋው ሥር እንዳለ ነግሮናል።